ካምሻፍት ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ ፒስተኑና ቫልቩ ስንት ሚሊ እንደሚራራቁ ለኩ

ቲክቶክ ላይ አይታችሁት ይሆናል። መኪናዋ ቆማለች፤ ሞተሩ ግን "ዱክ… ዱክ ዱክ…" እያለ ይንገዳገዳል። ከዛ ነዳጅ ሲረገጥ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ከስሩ "ካም ቀይሬ ነው" የሚል ጽሁፍ አለ። ይሄን ያየ የኛ አካባቢ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚያስብ ይታወቃል፦ "የኔዋ ዳገት ላይ ትሞትብኛለች፤ ትልቅ ካም ባስገባላት አትነሳም ወይ?"

ልትነሳ ትችላለች። ገና በመጀመሪያው ቀን "ጧ!" ብላ ልትቀርም ትችላለች። ልዩነቱን የሚወስነው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣና ቫልቩ ወደ ታች ሲወርድ በመሃላቸው የሚቀረው ክፍተት ነው። የምናወራው ስለ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሚሊ ስንት እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ሶስት የኤቲኤም ካርድ ደራርቡ፤ እሱ እንኳ ከሁለት ሚሊ ትንሽ ይበልጣል።

ነገሩ አሁን ከድሮው የበለጠ ያሳስባል። በጥር 2016 ዓ.ም መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ነው ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለን። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከዓለም ከተማ ሰውና እህል የሚያመላልስ ሰው ሞተሩን ከሰበረ የቤቱን እንጀራ ነው የሰበረው። ስለዚህ ካም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመለስ፦ ይነካካል ወይ? ለኛ መንገድስ ይጠቅማል ወይ?

ካሙ ምንድን ነው የሚሰራው?

ካምሻፍት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉብታዎች የተደረደሩበት ዘንግ ነው። ሲዞር ጉብታው ቫልቩን፣ ጋራዥ ውስጥ ባልቦላ የሚሉትን፣ ገፍቶ ይከፍተዋል። ጉብታው ሲያልፍ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። አንዱ ቫልቭ አየርና ነዳጅ ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ጭስ ያስወጣል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ነው እንበል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜ ይዘጋል ማለት ነው። ከስሩ ደግሞ ፒስተኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ሳይነካኩ እንዲህ የሚተላለፉት ፋብሪካው ጊዜያቸውን ለክቶ ስላስቀመጠ ብቻ ነው።

"ትልቅ ካም" ሲባል ሁለት ነገር ይቀየራል። አንደኛው ሊፍት ነው፤ ቫልቩ ወደ ውስጥ ስንት ሚሊ እንደሚገባ። ሁለተኛው ዱሬሽን ነው፤ ስንት ዲግሪ ያህል ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ። ዱሬሽኑ ሲረዝም ጭስ ማውጫው ገና ሳይዘጋ አየር ማስገቢያው መከፈት ይጀምራል። ሁለቱ አብረው የሚከፈቱባት ያቺ ቅጽበት ኦቨርላፕ ትባላለች። የቲክቶኩ "ዱክ ዱክ" የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ጭሱ ወደ ማስገቢያው በኩል ይመለስና ማቃጠሉን ያዛባዋል። ማለትም ያ የምትወዱት ድምጽ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር በደንብ አለመተንፈሱን የሚናገር ድምጽ ነው።

አደጋውም እዛችው ኦቨርላፕ ላይ ነው። ፒስተኑ ጭሱን ገፍቶ ጨርሶ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ በዛው ሰዓት ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ካሙ ሲተልቅ የሚንጠለጠሉት የበለጠ ወደታች ነው።

ሊፍቱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። "የፋብሪካው 8 ሚሊ ነው የሚከፍተው፣ ይሄ 9 ነው፣ አንድ ሚሊ ምን ታመጣለች" ይላል። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ፒስተኑ ከጫፍ ከተነሳ ከ110 ዲግሪ ገደማ በኋላ ነው። በዛን ሰዓት ፒስተኑ ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ቢፈልግም አይደርስበትም። የሚያገናኛቸው ትልቁ ሊፍት ሳይሆን ፒስተኑ ጫፍ አካባቢ እያለ ቫልቩ ምን ያህል ተከፍቷል የሚለው ነው። 9 ሚሊ የሚከፍት ረጋ ያለ ካም ደህና አልፎ፣ 8 ተኩል የሚከፍት ግን ዱሬሽኑ ረጅም የሆነ ካም ሊመታ ይችላል።

ሌላም አለ። በማስገቢያውና በማስወጫው ጉብታ መሃል ያለው ማዕዘን ከ112 ወደ 106 ዲግሪ ሲጠብብ፣ ሊፍቱም ዱሬሽኑም ሳይነካ ኦቨርላፑ ይጨምራል፤ ክፍተቱም በሁለቱም በኩል ይቀንሳል። ካሙን ወደፊት ብታስቀድሙት ደግሞ የማስገቢያው ክፍተት ይጠብና የማስወጫው ይሰፋል። ብታዘገዩት ተቃራኒው ይሆናል። ታይሚንጉን አንድ ጥርስ ስቶ የገጠመ መካኒክ ሳያውቀው ይሄንን ነው የሚያደርገው።

ክፍተቱ በጣም የሚጠበው ጫፉ ላይ በትክክል አይደለም። ማስወጫው ላይ ከጫፍ በፊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ ማስገቢያው ላይ ደግሞ ከጫፍ በኋላ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቦታ ነው። ለምን? ከጫፍ በኋላ ባለው 10 ዲግሪ ውስጥ የትንሽ መኪና ፒስተን የሚወርደው አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ ቫልቩ ግን በፍጥነት እየተከፈተ ነው። ቫልቩ ያባርራል፣ ፒስተኑ ገና ለመሸሽ እየተነሳ ነው።

ስንት ሚሊ ይበቃል?

ለመንገድ መኪና የቤንዚን ሞተር ሰሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ዝቅተኛ ልክ አለ። ማስገቢያ ቫልቭ ላይ 2 ሚሊ፣ ማስወጫ ላይ 2.5 ሚሊ። የቫልቩ ጠርዝ ደግሞ ፒስተኑ ላይ ከተቆፈረለት ጎድጓዳ ግድግዳ በጎን ቢያንስ 1.3 ሚሊ ያህል መራቅ አለበት። ካሙን የሰራው ፋብሪካ የራሱን ልክ ከጻፈ የሱን ያዙ።

ማስወጫው የበለጠ የሚጠይቀው በሁለት ምክንያት ነው። በጣም ይግላል፣ ሲግል ይረዝማል። ደግሞም ፒስተኑ ከኋላው እያባረረው ነው የሚዘጋው። ሞላው ደክሞ ቫልቩ ትንሽ ከዘገየ ፒስተኑ ይደርስበታል።

"ጋራዥ ውስጥ በእጅ ሳዞረው አልነካም እኮ" የሚል አለ። በእጅ ሲዞር ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም ነገር አይለጠጥም። በ6,000 ዙር ላይ ቢየላው ትንሽ ይሳባል፣ ቺንጋው ይወጠራል ይላላል፣ ሞላው ቫልቩን በሰዓቱ መመለስ ያቅተዋል። ያ ሁለት ሚሊ ለዚህ ሁሉ የተተወ መጠባበቂያ ነው።

የኛ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዛም ወደ ሸዋሮቢት የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ። ሹፌሩ ፍሬን እንዳይግል በማርሽ ነው የሚይዛት። ከአራተኛ ወደ ሶስተኛ ሊያስገባ ሲል እጁ ስቶ አንደኛ ቢገባስ? ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል። የዙር መገደቢያ ያለው መኪና እንኳ ከዚህ አይድንም፤ መገደቢያው ነዳጅና እሳት ነው የሚቆርጠው፣ ከጎማ የሚመጣውን ጉልበት አያቆምም። ሞላው የማይችለው ዙር ላይ ቫልቩ ይንሳፈፋል፣ ፒስተኑም ያገኘዋል። የፋብሪካ ካም ያለው ሞተር አንዳንዴ ያመልጣል። በትልቅ ካም አንድ ሚሊ ብቻ የቀረው ሞተር አያመልጥም።

ቴስታታችሁ ስንት ጊዜ ተልጧል?

ይሄ ጥያቄ ከካሙ ካታሎግ ይበልጣል። በኛ አካባቢ ሞተር ማፍላት የተለመደ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ ሳይግል ውሃው ይንተከተካል። ከዛ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ቴስታታ ይጣመማል፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ይላጣል። አንዴ 0.2፣ ሌላ ጊዜ 0.3 ሚሊ። መኪናው ሶስት ባለቤት ካለፈበት ስንቴ እንደተላጠ የሚያውቅ የለም።

ቫልቭ ቴስታታው ላይ ነው የተቀመጠው። ቴስታታው በተላጠ ቁጥር ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይጠጋል፤ ቀጥ ብሎ በቆመ ቫልቭ ላይ የተላጠው በሙሉ ከክፍተቱ ላይ ይቀነሳል።

በቁጥር እንየው። እንበል ቫልቩ ተዘግቶ፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ በመሃላቸው 5 ሚሊ አለ። የፋብሪካው ካም በዛ ሰዓት ማስገቢያውን የሚከፍተው 1 ሚሊ ነው፤ 4 ሚሊ ይተርፋል። አዲሱ ካም 3 ሚሊ ይከፍታል፤ 2 ሚሊ ይተርፋል። "በቃ ልኩ ነው!" ልትሉ ነው። ግን ያ 5 ሚሊ ከኢንተርኔት ያገኛችሁት ቁጥር ከሆነና የናንተ ቴስታታ 0.5 ሚሊ ተልጦ ከሆነ የቀራችሁ 1.5 ነው። ከጫፍ በኋላ 10 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከዛም ያንሳል። የሰው ሞተር ላይ የሰራ ካም የናንተን የሚያጠፋው እንዲህ ነው። ቁጥሩ ከራሳችሁ ሞተር ነው መምጣት ያለበት።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ

ይሄን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ አልቀየምም። ናፍጣ ከሆነ ትልቅ ካም እርሱት።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በማመቅ ነው። እንደ 3ኤልና 5ኤል ያሉት የቶዮታ ሃይ ኤስ ሞተሮች አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ያምቁታል። ይሄ እንዲሆን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር ሊሳሳም ምንም አይቀረው። ቫልቩ ወደ ታች የሚንጠለጠልበት ቦታ የለም። ለዚህ ነው የነዚህ ሞተሮች የቴስታታ ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት የሚሸጠው፤ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ይመረጣል። "ያው ነው፣ አንዱን ስጠኝ" ተብሎ አይገዛም።

እነዚህ ሞተሮች ላይ ፒስተንና ቫልቭ የሚጋጩት በትልቅ ካም ሳይሆን በተበጠሰ ታይሚንግ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ካሙ ባለበት ይቆማል፣ ክራንክሻፍቱ ግን መዞሩን አይተውም። ቫልቭ ይጣመማል፣ ሲብስ ፒስተን ይበሳል። ቶዮታ ለነዚህ ቺንጋዎች የሰጠው ልክ 100,000 ኪሎሜትር ነው። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድም ባለ ቺንጋ ነው፣ ልኩም ያው ነው። ቲ-ቤልት የሚል መብራት ያላቸው መኪኖች አሉ፤ ግን መብራቱን ማጥፋት ቺንጋ ከመቀየር ስለሚቀል ያገለገለ መኪና ላይ በመብራቱ አትተማመኑ። ከማን እንደገዛችሁት፣ መቼ እንደተቀየረ በማስረጃ ካላወቃችሁ፣ ለካም ያሰባችሁትን ብር ለቺንጋ አውሉት።

ቤንዚን ከሆነስ?

እዚህ ላይ የሞተሩ ዓይነት ይወስናል። የድሮዎቹ ኮሮላዎች ላይ ያለው 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ፒስተኑ ቫልቩን እንዳይነካ ሆኖ የተሰራ ነው። ደግ ሞተር ነው። ግን ይሄ ደግነት የፋብሪካው ካምና ያልተላጠ ቴስታታ እስካለ ድረስ ነው። ትልቅ ካም ስትገቡበት ክፍተቱን እናንተ ናችሁ የበላችሁት፤ ከዛ በኋላ ቺንጋ ቢበጠስ "የዚህ ሞተር አይነካም" የሚለው ወሬ አያድናችሁም።

ቪትዝና ያሪስ ላይ ያሉት ቪቪቲ-አይ ሞተሮች ሌላ ጣጣ አላቸው። ማስገቢያ ካሙ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ፍጥነቱ ወደፊት ይገፋዋል ወይም ይመልሰዋል። ወደፊት ሲገፋ የማስገቢያው ክፍተት ይጠባል ብለናል። ሞተሩ ቆሞ ስትለኩ ካሙ የተመለሰበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ሰፊ ሆኖ ይታያችኋል። መለካት ያለበት ካሙ እስከ መጨረሻው ወደፊት ተገፍቶ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው የለካውን ልክ አትመኑ።

ቮልስ? አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም ሸኖ አካባቢ አደጋ የደረሰበትም መኪና ቮልስ ነበር፤ መንገዱን ከኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ቮልስ ላይ ካሙ በቺንጋ ሳይሆን በማርሽ ነው የሚዞረው፤ የሚበጠስ ነገር የለም። ችግሩ ካሙ ያለው ከክራንክሻፍቱ ስር፣ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ለመቀየር ሞተሩን አውርዶ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሞተሩ ለሌላ ጥገና ካልተከፈተ በቀር ለካም ብቻ መክፈት ለኔ አይዋጥልኝም።

በጭቃ መለካት

አሁን ወደ ስራው። የሚያስፈልገው ልጆች የሚጫወቱበት ባለቀለም ክሌይ፣ ምላጭ፣ ካሊፐርና ትዕግስት ነው።

ቴስታታው ወርዶ ሳለ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ላይ፣ ቫልቮቹ በሚያርፉበት ቦታ፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክሌይ ለጥፉ። ቫልቩ ላይ እንዳይጣበቅ ላዩን ዘይት ቀቡት። ከዛ ቴስታታው ይቀመጥ፣ ጓርኒሲዮኑ የታመቀ አሮጌ ቢሆን ይሻላል፤ ውፍረቱ ግን በኋላ ከምትገጥሙት ጋር አንድ መሆን አለበት። ቡሎኖቹ በልካቸው ይታሰሩ። አዲሱ ካም በትክክለኛ ታይሚንጉ ይግባ፣ የቫልቩ ላሽም በመጨረሻ እንደሚሆነው ይስተካከል።

ከዛ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ሁለት ያልኩት ካሙ አንዴ እንዲዞር ነው። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ቢይዘው ቁሙ! አትግፉት። መልሱን አግኝታችኋል። በእጅ ጉልበት ብቻ እንኳ ቫልቭ ይጣመማል።

ካለፈ ቴስታታውን አንሱት። ክሌዩ ላይ የቫልቩ ቅርጽ ታትሞ ታገኛላችሁ። በምላጭ ለሁለት ቁረጡትና በጣም የሳሳውን ቦታ በካሊፐር ለኩ። ጠርዙ ጋ ያለውን የጎን ክፍተትም አትርሱ። ማስገቢያው ከ2 ሚሊ በታች፣ ማስወጫው ከ2.5 በታች ከሆነ ያ ካም በዚህ አኳኋን አይገባም።

ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው ሞተር ላይ ክሌይ ይዋሻል። ታፔቱ በሞላው ጉልበት ይሰምጥና ቫልቩ ከሚገባው በታች ይከፈታል፤ ክፍተቱ ሰፊ ይመስላል። ለመለኪያ ያህል የማይሰምጥ ታፔት፣ ወይም ስስ ሞላ ማድረግ ነው። ዳያል ጌጅ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ ከክሌይ ይበልጣል፤ ከጫፍ በፊት 20 ዲግሪ ጀምሮ እስከ ጫፍ በኋላ 20 ዲግሪ፣ በየሁለት ዲግሪው ቫልቩን በጣት ወደታች እየገፋ ስንት እንደቀረው ያነባል። የዲግሪ ክቡን ከስልካችሁ አውርዳችሁ ወረቀት ላይ ማሳተም ትችላላችሁ።

መካኒኩ "ተወው ባክህ፣ ስንት ዓመት ሰርቼበታለሁ" ሊላችሁ ይችላል። "እሺ ጋሼ፣ ግን አንዴ በክሌዩ እንየው፣ ለልቤ ነው" በሉት። ተጨማሪ የግማሽ ቀን ስራ ነው፤ ሂሳቡንም ክፈሉት። እንኳን እኛ፣ ለውድድር ሞተር የሚሰሩትም ሳይለኩ አይገጥሙም።

ጠበበ። ከዛስ?

ትንሹን ካም መውሰድ ነው የመጀመሪያው መልስ። ሰው ይሄን አይወድም፣ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ።

ወፍራም ጓርኒሲዮን ክፍተቱን ይጨምራል፣ ግን እመቃውን ይቀንሳል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ እመቃ መቀነስ ጉልበት መጣል ነው። ካሙን ትንሽ ማዘግየት ማስገቢያውን ያድናል፣ ማስወጫውን ያጠባል፤ ደግሞም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል። ፒስተኑ ላይ ለቫልቩ ጎድጓዳ ማስቆፈር ይቻላል፤ ግን የፒስተኑን ራስ ውፍረት ሳይለካ የሚቆፍር ቶርኖ ቤት ካጋጠማችሁ እቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሳሳ ፒስተን ይበሳል።

ሞላውም መታየት አለበት። ካሙ ሙሉ በሙሉ ሲከፍት የሞላው ጥቅልሎች ተደራርበው መጣበቅ የለባቸውም፤ አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ትርፍ ይኑር። ከፍ ላለ ሊፍት የድሮው ሞላ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሶማሌ ተራም ሄዳችሁ ግዙ፣ ከውጭም አስመጡ፣ ካሙ ከነወረቀቱ ካልሆነ አትውሰዱ። ወረቀቱ ላይ ሊፍት፣ ዱሬሽን፣ የጉብታዎቹ ማዕዘንና የላሹ ልክ መጻፍ አለበት። ዱሬሽን ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዱ ፋብሪካ ቫልቩ ገና ንቅንቅ ሲል ጀምሮ ይቆጥራል፣ ሌላው አንድ ሚሊ ገደማ ከተከፈተ በኋላ። ስለዚህ ሁለት "270 ዲግሪ" የተባሉ ካሞች ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። "የሬሲንግ ነው፣ ምርጥ ነው" የሚለው የሻጭ ቃል ልኬት አይደለም።

ደጋ ላይ ግን ይጠቅማል ወይ?

እንበል ክፍተቱ በቃ። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርና የመንዝ ደጋ ከ3,000 ያልፋሉ። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፦ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ጣርማ በር ላይ 70 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። መኪናችሁ የምትደክመው ካሟ ስላነሰ አይደለም፤ የምትተነፍሰው ስላነሳት ነው።

ትልቅ ካም የማስገቢያውን ቫልቭ የሚዘጋው ዘግይቶ ነው። በከፍተኛ ዙር አየሩ በሩጫ ስለሚገባ ይሄ ይጠቅማል። በዝቅተኛ ዙር ግን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። ቀድሞም የሳሳውን አየር እንደገና መቀነስ ማለት ነው። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከቀየት ጠመዝማዛ ኮረኮንች ላይ፣ ወይም ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ ስትወጡ፣ ሰው ጭናችሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነው? ሁለት ሺህ ተኩል፣ ቢበዛ ሶስት ሺህ። ትልቁ ካም ጉልበቱን የሚያመጣው ከአምስት ሺህ በላይ ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ ዳገቱ ላይ ከበፊቱ የባሰ የደከመች መኪና ትገዛላችሁ።

ግድ ካም ካላችሁ ከፋብሪካው ብዙ ያልራቀ፣ ዱሬሽኑ አጠር ብሎ ሊፍቱ ትንሽ የጨመረ፣ ማዕዘኑ ሰፋ ያለ ፈልጉ። ቲክቶክ ላይ አያምርም፤ ድምጹም አይንገዳገድም።

ከዛ በፊት ግን የሲሊንደሮቹን እመቃ አስለኩ፤ ያለቀ ፋሻ ወይም የሚያፈስ ቫልቭ ያለበት ሞተር ካም አያድነውም። የቫልቩን ላሽ አስተካክሉ። የአየር ፊልትሩን ክፈቱት፤ የኮረኮንች አቧራ ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ካርቡራተር ያለው መኪና ከሆነ ደጋ ላይ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጭሱ ከጠቆረና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ጂግለሩን ማሳነስ ብቻውን መኪናዋን ሊቀሰቅሳት ይችላል። በኢንጀክሽን የሚሰሩት ይሄን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ለክታችሁ፣ ካሙን ለገጠማችሁ

ጉብታው ታፔቱን በቀጥታ እየፈገፈገ የሚሰራበት ሞተር፣ ለምሳሌ ቮልስ፣ ካሙ የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ጉብታዎቹና ታፔቶቹ በመገጣጠሚያ ቅባት ይለቅለቁ፤ ታፔቶቹ አዲስ ይሁኑ፣ አሮጌ ታፔት አዲስ ካም ይበላል። ሞተሩ ሲነሳ ስራ ፈት እንዲዞር አትተዉት፤ ወዲያው ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት፣ ከዛ ዘይቱንና ፊልትሩን ቀይሩ። ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ላሹን እንደገና ለኩ፤ ከተስተካከለበት ብዙ ከተለወጠ የሆነ ነገር እየተበላ ነው፣ ሳትነዱ ይከፈት።

የተቆረጠውን ክሌይ ከካሊፐሩ ጋር ፎቶ አንሱትና፣ የሁለቱን ቫልቮች ልክ፣ የጓርኒሲዮኑን ውፍረትና የካሙን ወረቀት አብራችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሌላ ጊዜ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሲሄድ "ስንት ሚሊ ማስላጥ እችላለሁ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዛ ላይ ነው ያለው።